እናቴ የከፋን ጫካ የተሻገረች ጊዜ

ወሬውን ያመጣልን ወልቂጤ ላይ ምሳ ሊበላ የቆመ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ታላቅ እህቴን ያገባት ነጋዴ ከቦንጋ ወዲያ፣ ጫካ ውስጥ ባለች ትንሽ የገበያ ቦታ ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ ሾፌሩ ደግሞ ጨውና አቡጀዲ የሚያደርስለት ደንበኛው ነው። በአባቴ ሱቅ ደረጃ ላይ አንድ እግሩን አስቀምጦ፣ "ልጅዎ ደህና ነች፤ ሆዷ ገፍቷል። 'እናቴ ትምጣልኝ' ብላለች" አለና ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ወደ መኪናው ሄደ።

አባቴ ክረምቱ እስኪወጣ እንጠብቅ አለ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ መስከረም ሲጠባ ሰው ፈልገን ስንቅ እንልክላታለን አለ። እናቴ ጎመን እየከተፈች ነበር። ቀና ሳትል፣ "የጠራችው ስንቅ አይደለም፤ እኔን ነው" አለች።

አባቴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እናቴን የሚያውቅ ሁሉ ይስቅ ነበር። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ባለ የመስቃን መንደር ተወልዳ፣ በሙሽርነቷ በበቅሎ ተራራውን አቋርጣ ወልቂጤ ገብታ፣ ከዚያ ወዲህ ለዓረፋና ለለቅሶ ወደ አገሯ ከመመለስ በቀር የትም ያልሄደች ሴት ናት። በመኪና ተሳፍራ አታውቅም። ጅማ በየት በኩል እንደሆነ የምታውቀው አውቶቡሱ ወደዚያ ሲታጠፍ ስለምታይ ብቻ ነው። ድምፅዋ ከግቢያችን አጥር አልፎ አይሰማም፤ ስትስቅ እንኳ ጥርሷን በሻሿ ጫፍ ትሸፍናለች።

"ቋንቋውስ?" አላት አባቴ። እውነቱን ነው። እናቴ አማርኛ የምታውቀው ለገበያ የሚበቃትን ያህል ነበር።

እናቴ በቢላዋው ጫፍ ወደ እኔ አመለከተች። "ይቺን ይዣት እሄዳለሁ። አፍ ትሆነኛለች።"

ያኔ አምስተኛ ክፍልን ጨርሼ ክረምቱን ቤት ነበርኩ። ትምህርት ቤት ከሄድኩ ወዲህ በአማርኛ አዋቂነቴ እቤት ውስጥ እንደ ሹም እቆጠር ስለነበር፣ አፍ ሆኜ መሾሜ ደስ አለኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የጎረቤት ሴቶች ሊሰናበቱን ሲመጡ፣ አንዳቸውም ስላላዩት ስለ ከፋ ጫካ ሁሉንም ነገሩን። አንዷ እዚያ ፀሐይ እንደማይታይ፣ ሰው ቀንና ሌሊቱን የሚለየው በዶሮ ጩኸት እንደሆነ አወራች። ሌላዋ ዘንዶ ከዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ መንገደኛ እንደሚያነሳ ማለች። ሦስተኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እዚያ እኮ እንሰት የሚባል ነገር የለም አሉ። ቅጠላ ቅጠል ነው የሚበሉት" አለች።

ዘንዶው ያላስደነገጣትን እናቴን ይህ አስደነገጣት። ልጇ ያለ ቆጮ ልትታረስ! ሴቶቹ እንደወጡ ጓሮ ገብታ ጉድጓዱን ከፈተች። የበሰለውን ቆጮ አውጥታ፣ ጨምቃ፣ በኮባ ጠቅልላ፣ በቃጫ ገመድ ጠፍራ፣ ወገብ የሚያጎብጥ ሸክም ሠራች። ለገንፎ የሚሆን ቡላ በላዩ ጨመረች። ነጥሮ የተቀመመ ቅቤ ደግሞ በቅል ሞላች። አባቴ ሸክሙን አንስቶ አየውና "አገሩን በሙሉ ልትቀልቢ ነው?" አላት። "ካስፈለገ" አለችው።

አውቶቡሱ ላይ እናቴ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ፣ ቢስሚላሂ ብላ፣ የፊተኛውን ወንበር ብረት በሁለት እጇ ጨበጠች። እስከ ጊቤ አፋፍ ድረስ ደህና ነበረች። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን እግሯን ወለሉ ላይ ተከለች። አውቶቡሱ በታጠፈ ቁጥር እሷም በእግሯ ፍሬን ትይዛለች። ከታች ጊቤ ቀልቶና ሞልቶ ይታያል፤ ሙቀቱ ደግሞ ከሸለቆው እየተነሣ በመስኮት ይገባል።

"ቀስ በል በይው" አለችኝ በጉራጊኛ።

ከወንበሬ ተነስቼ፣ "ሾፌር! እናቴ ቀስ በል ትላለች" አልኩ።

ሾፌሩ በመስታወት አየኝ። "እናትሽ ቀኛዝማች ናቸው እንዴ?" ሲል አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ።

"ምን አለ?" አለችኝ እናቴ።

"እሺ አለ።"

እናቴ ደስ አላት። "ጨዋ ልጅ ነው" አለች። እንግዲህ አፍ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እኔ ያልፈለግሁት ነገር በእኔ በኩል አያልፍም።

ጅማ የእናቴ አገር ሰው የሆነ ልብስ ሰፊ ቤት አደርን። በማግስቱ ያንኑ ወሬ ያመጣልንን ሾፌር መናኸሪያው አጠገብ አገኘነው። የሚጭነው ጨው ነበር። እናቴንና እኔን ጋቢናው ውስጥ አስገባንና፣ ሌሎቹን ተሳፋሪዎች ጆንያው ላይ ጫነ። ጎጀብን ከተሻገርን በኋላ ዝናቡ ወረደ። ዝናብ ማለት እንዲህ ነው! መስታወቱ ላይ ባልዲ የሚደፋ ሰው ያለ ይመስል ነበር።

እናቴ ወደ ኋላ ዞረች። ጆንያው ላይ ከተቀመጡት መሀል አንዲት ሴት ነበረች፤ በእናቴ ዕድሜ የምትሆን፣ ጋቢዋን ራሷ ላይ የጣለች።

"ያቺን ሴት እዚህ አስገባት በይው።"

ነገርኩት። ሾፌሩ "የት ላይ?" አለ። ልክ ነበር፤ ጋቢናው ውስጥ እኛ፣ ቅላችንና የቆጮው ሸክም ሞልተነዋል። እናቴ ግን መልሱን ሳትጠብቅ ብድግ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ፤ የተለቀቀውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገች። ሾፌሩ አጉረመረመና ቆመ። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች እየተንጠባጠበች ገባች። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ሰጠቻት።

የከፋ ሴት ናት። ጅማ ያለ ወንድሟን ጠይቃ እየተመለሰች ነበር። አማርኛዋ እንደ እናቴ ለገበያ ብቻ የሚበቃ ስለነበር ሁለቱ በጣም ተስማሙ፤ አንዷ ቃል ሲያጥራት ሌላዋ በእጇ ታሟላለች። እኔ ጭን ላይ ተቀምጬ የሚያማክረኝ አጣሁ። ሴትዮዋ የእህቴን ባል ታውቀዋለች፤ ጨው የምትገዛው ከእሱ ነው። ቤቷ ከገበያው ቦታ ወዲህ፣ ጫካው ውስጥ ነው። "እህቴ" እያለች ነበር እናቴን የምትጠራት፣ ገና ልብሷ ሳይደርቅ።

ቦንጋ አድረን በማግስቱ ጠዋት ጥቂት እንደተጓዝን መኪናው ሰጠመ። ጎማው ብቻ አይደለም፤ እስከ ሆዱ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠ። ወንዶቹ ቅርንጫፍ ቆርጠው ከሥሩ አነጠፉ፣ ገፉ፣ ጮኹ። ምንም የለም። ሾፌሩ በመጨረሻ ከመኪናው ጎን ቁጭ ብሎ፣ "ፀሐይ ወጥቶ እስኪጠጥር መጠበቅ ነው። ነገም ሊሆን ይችላል፤ ሳምንትም ሊሆን ይችላል" አለ።

"ልጄ ልትወልድ፣ እኔ እዚህ ጭቃ ስጠብቅ?" አለች እናቴ።

የከፋዋ ሴት በጣቷ ወደ ጫካው አሳየች። "በዚህ በኩል የእግር መንገድ አለ። ቤቴ እናድራለን። ነገ ልጅሽ ጋ ትደርሻለሽ።"

እኔ የምታሳየውን መንገድ ለማየት ሞከርኩ። መንገድ አልነበረም። አረንጓዴ ግድግዳ ነበር፣ በመሀሉ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት የሚያህል ጨለማ ያለው። እናቴን አየኋት። ወደ ቤት እንመለስ ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጫማዋን አወለቀች፣ ሸክሙን ጀርባዋ ላይ አደረገች፣ ገመዱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ቋጠረች፣ ቅሉን ለእኔ ሰጠችኝ።

"ቅቤው ቢደፋ አንቺን ነው የምቀባው" አለችኝና ጎንበስ ብላ ገባች።

እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔ ጫካ ማለት ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ያለው የባሕር ዛፍ ነበር። ተራ ይዞ የቆመ፣ በመሀሉ የወዲያኛው ሰው ቤት የሚታይበት። ይህ ግን ሌላ ነው። ግንዱ እንደ ቤት የሰፋ ዛፍ አለ። ቅርንጫፉ ላይ ሌላ ቅጠል በቅሎበታል፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሌላ። ሽበት የመሰለ ነገር እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጠልጥሏል። የሰው ክንድ የሚያህል ሐረግ ከዛፍ ዛፍ ተወጥሯል። ቀና ብትል ሰማይ የለም፤ ወይም አለ፣ ግን በወንፊት ነው። ከሁሉ የገረመኝ ዝናቡ ነው። ላይ ሲዘንብ ጩኸቱን እንሰማለን፣ እኛ ግን አንረጥብም። ዝናቡ አባርቶ ላይ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ከቅጠል ቅጠል እየተቀባበለ የመጣው ውሃ ያኔ እኛ ላይ መዝነብ ይጀምራል።

እናቴ መጀመሪያ ላይ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" እያለች፣ የዛፎቹን ቅርንጫፍ አንድ በአንድ እያየች ነበር የምትሄደው። ዘንዶ እየፈለገች እንደሆነ ገብቶኛል፤ ምክንያቱም እኔም እየፈለግሁ ነበር። ዘንዶ አልነበረም። ጉሬዛዎች ነበሩ። አንድ ዛፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ ነጭ ካባቸውን ወደ ታች ለቀው፣ ዳኛ ይመስል በዝምታ ያዩን ጀመር። እናቴ ቆመች። አየቻቸው፣ አዩዋት። ከዚያ፣ አላህ ያሳያችሁ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "አሰላሙ አለይኩም" አለቻቸው። የከፋዋ ሴት ሳቋ አላስኬድ ብሏት ግንድ ተደገፈች።

ትንሽ እንደሄድን እናቴ "አልሐምዱሊላህ፣ መንደር ደረስን" አለች። "አህያ ሲያናፋ ሰማሁ።"

እኔም ሰምቻለሁ። አህያው ደግሞ አናፋ፤ ግን ድምፁ የመጣው ከራሳችን በላይ ነበር። የከፋዋ ሴት በጣቷ አሳየችን። ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተጫነበት የሚመስል ትልቅ ጥቁር ወፍ ክንፉን እያርገበገበ ከዛፍ ዛፍ በረረ፤ እየበረረ አናፋ። እናቴ አፏን ከፍታ ተከተለችው። "አህያ እዚህ አገር ክንፍ አለው" አለች። ይህን ስትል ጥርሷን አልሸፈነችም። የሸክሙን ገመድ በሁለት እጇ ይዛ ስለነበር ነው ብዬ ነበር ያኔ።

አንድ ረግረግ ነገር ስናልፍ የከፋዋ ሴት ጎንበስ አለችና፣ ረጃጅም ቅጠል ካለው ተክል ሥር፣ ከመሬቱ ጥግ፣ ቀይ ፍሬ ቆርጣ ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴ አሸተተችው። ፊቷ ተለወጠ። በጥፍሯ ከፈለችው፤ ውስጡ እርጥብ ነጭ ሥጋና ጥቁር ጥቃቅን ፍሬ ነበረው።

"ኮረሪማ!" አለች።

"ኮረሪማ" አለች ሴትዮዋ፣ ምን ይገርማል በሚል ፊት።

እናቴ ሸክሟን አውርዳ ተንበረከከች። ቅጠሉን ገለጥ እያደረገች ሥሩን አየች፣ ግንዱን ዳሰሰች፣ መሬት ለመሬት የተደበቀውን አበባ አየች። ከልጅነቷ ጀምሮ ቅቤ ስታነጥር ኮረሪማ ጨምራለች። የእናቷ እጅ የሚሸተው ኮረሪማ ነበር። ግን ገበያ ላይ በክር ተሰክቶ፣ ደርቆ፣ ጠቁሮ ነው የምታውቀው። "እኔ እኮ ዛፍ ላይ የሚያፈራ ይመስለኝ ነበር" አለችኝ። "ስንት ዘመን በልቼው፣ አንድ ቀን እንኳ ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም።" ከዚያ ፍሬውን ለእኔ ሰጠችኝና፣ አንድ ነገር ልታስተምረኝ እንደፈለገች ሁሉ፣ "አሽትቺ" አለችኝ። አሸተትኩት። የቤታችን ሽታ ነበር፣ ግን ገና ያልተወለደ።

ከቀትር በኋላ ወንዙ ጋ ደረስን። ከመድረሳችን በፊት ድምፁን ሰምተነዋል። ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል። በላዩ ድልድይ አለ። ድልድይ ካላችሁት። ከወዲህ ትልቅ ዛፍ ወደ ወዲያ ትልቅ ዛፍ የተዘረጋ፣ ከሐረግ የተጠለፈ፣ መሀሉ የረገበ መረብ ነው። የሚረገጠው አንድ የተጎነጎነ ሐረግ፣ የሚያዘው በግራና በቀኝ ሌላ ሁለት። በነፋሱ ዥው ዥው ይላል።

እናቴ አየችው። ወደ ሴትዮዋ ዞረች። "ሌላ መንገድ?"

"የለም።"

እናቴ ሸክሟን አውርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "እኔ ሸረሪት አይደለሁም" አለች በጉራጊኛ። "ንገሪያት።" ነገርኳት። ሴትዮዋ አልተከራከረችም። ቆጮውን ብድግ አድርጋ ጀርባዋ ላይ አዘለችና፣ ወደ ገበያ እንደምትሄድ ሴት ሐረጉ ላይ ወጣች። ድልድዩ ረገበ፣ ዘመመ፣ እሷ ግን እግሯን እያስቀደመች፣ እጇን እያስከተለች፣ ተሻገረች። ተመልሳ መጥታ ቅሉን ወሰደች። አሁን ስንቃችን በሙሉ ወዲያ ማዶ ነው፤ እኛ ወዲህ።

"እንመለስ" አለች እናቴ።

"ቆጮውስ?" አልኳት።

እጆቿን ለዱዓ ዘረጋች። እኔ የሴትዮዋን እግር ደህና አድርጌ አይቼ ነበር። ትምህርት ቤት አጥር ላይ መራመድ ከክፍላችን የሚችለኝ የለም። እናቴ ወንዙን እያየች ዱዓ ስታደርግ እኔ ተነስቼ ሐረጉን ያዝኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ነው ያየችኝ።

"አንቺ ልጅ! ተመለሺ! ተመለሺ ብያለሁ!"

መመለስ ከመሄድ ይከብድ ነበር። ቀጠልኩ። ከታች ውሃው ወደ አንድ ወገን ሲሮጥ እኔ ወደ ሌላ ወገን የምበር ይመስለኛል፤ እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም። ድልድዩ መሀል ስደርስ በድንገት ከኋላዬ ረገበ። ዞሬ አየሁ። እናቴ ድልድዩ ላይ ነች። ቀሚሷን መቀነቷ ውስጥ ወሽቃ፣ እየተሳደበች፣ እኔን ልትይዝ እየመጣች ነው። የት እንዳለች አላወቀችም። ዓይኗ ከእኔ ላይ አልተነሳም።

እኔ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ወዲያ ማዶ ደርሼ የሴትዮዋን እጅ ስይዝ፣ እናቴ መሀል ላይ ነበረች። እኔ መትረፌን ስታይ ነው ወደ ታች ያየችው።

ቆመች። ሁለት እጇ ሐረጉን ጨበጠ። ወደፊትም ወደኋላም የለም። ፊቷ አመድ መሰለ። ጠራኋት፤ አልመለሰችም። የከፋዋ ሴት ወደ እሷ ልትሄድ አንድ እግሯን አስገባችና፣ ድልድዩ ሲወዛወዝ እናቴ ስትጮኽ ሰምታ መለሰችው።

"አታዋሪያት፤ ብቻዋን ትምጣ" አለችኝ።

ከዚያ እናቴ ዓይኗን ጨፈነችና ዘፈነች።

በእርግጥ መጀመሪያ ማንጎራጎር ነበር፤ ከወንዙ ድምፅ ጋር ስለተደባለቀ ዘፈን መሆኑን አላወቅሁም። ከዚያ ወጣ። እንሰት ሲፋቅ ሴቶች ተደርድረው የሚያዜሙት ዜማ ነው፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ እጃቸው ከዜማው ጋር ይወርዳል፣ ይወጣል። እናቴ ስታወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ከተቀባዮቹ መሀል፣ ከኋላ ነበረች። አሁን የምትቀበላት ስለሌለች እሷው አወጣች፣ እሷው ተቀበለች። ስታወጣ ግራ እግሯን፣ ስትቀበል ቀኝ እግሯን አነሳች። የከፋዋ ሴት ቃሉን ባታውቀውም ምቱ ገባት፤ ማጨብጨብ ጀመረች። እኔም ተቀበልኩ። እንዲህ ነው የመጣችው፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ድምፅዋ ከወንዙ በላይ ሆኖ። ጉሬዛዎቹም ሰምተዋታል ብዬ አምናለሁ።

መሬት ስትረግጥ ቀኝ እጇን በጥፊ ልትለኝ አነሳች። ያነሳችውን እጇን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ መሳቅ ጀመረች። ሳቀች፣ ሳቀች፣ እንባዋን ጠረገች፣ ደግሞ ሳቀች። ሦስታችንም እዚያው ተቀምጠን ሳቅን።

"ድምፅሽ ያምራል" አላት የከፋዋ ሴት።

እናቴ "ድሮ፣ ቡታጅራ፣ ልጅ ሆኜ እኔ ነበርኩ የማወጣው" አለች። "ወልቂጤ ስመጣ ሙሽራ ነበርኩ፤ ሙሽራ አታወጣም። ከዚያ በኋላ ማንም አውጪ አላለኝ፤ እኔም አልጠየቅሁ።" ይህን ያለችው በቀላሉ ነው፤ እንዲያው ስለ ዝናብ የምታወራ ይመስል። እኔ ግን እናቴ ልጅ የነበረች መሆኗን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው።

ሊመሽ ሲል ጫካው ድንገት ተከፈተና የሴትዮዋ ቤት ታየ። እናቴ አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ቤቱ ዙሪያውን፣ ከፊቱም ከኋላውም፣ ረጃጅም፣ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ተክሎች ከበውታል።

"ይኼ ምንድን ነው?" አለች።

"እንሰት ነው" አለች ሴትዮዋ።

"ማን ተከለው?"

"እኔ። የባሌ እናት። ከእሷ በፊት እናቷ።"

እናቴ ወገቧን ያጎበጠውን ሸክም ቀስ ብላ መሬት ላይ አወረደች። ከወልቂጤ ጀምሮ በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ በጫካ፣ በሐረግ ላይ ያለፈውን ቆጮ አየችው። ከዚያ ግቢው ውስጥ ያለውን እንሰት አየችው። "ያቺን ጎረቤታችንን" አለችኝ በጉራጊኛ፣ "ስንመለስ አስታውሺኝ።"

ያን ማታ እሳት ዳር ውድድር ሆነ። ሴትዮዋ የእሷን ቆጮ ጋገረች፤ እናቴ የእሷን። ሥጋ ያላቀረቡልን ሙስሊም መሆናችንን ስላወቁ ነበር፤ በምትኩ ጎመን፣ እርጎና የሴትዮዋ ባል ዛፍ ላይ ከሰቀለው ቀፎ ያወረደው ማር ቀረበ። ባልየው በጣም ረጅም፣ በጣም ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከሁለቱም እኩል እኩል እየቆረሰ፣ የማን ይሻላል ሲሉት ማር ይጨምር ነበር። እናቴ የሴትዮዋን ቆጮ አላምጣ፣ አሰብ አድርጋ፣ "ቃጫው በደንብ አልወጣለትም፤ ብትቆይበት ጥሩ ነበር። ግን ደስ ይላል በያት" አለችኝ።

አፍ ነኝ። "እናቴ 'ደስ ይላል' ትላለች" አልኩ።

ሴትዮዋም የእናቴን ቀመሰች። በከፋ ቋንቋ ለባሏ አንድ ነገር አለችው፣ ከዚያ ለእኔ፣ "በጣም ይጣፍጣል" አለችኝ። ባልየው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ በአማርኛ፣ "ጎምዝዟል ነው ያለችው" አለ። እናቴ ይህን ቃል ከገበያ ታውቀዋለች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። እናቴ በራሷ አማርኛ፣ "ያንቺ ቃጫ" አለች። "ያንቺ ኮምጣጣ" አለች ሴትዮዋ። ሥራዬን የለቀቅሁት በዚያ ማታ ነው፤ ከዚያ በኋላ አስተርጓሚ አልፈለጉም። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ሁለቱም ጓሮ ነበሩ፤ አንዷ መፋቂያ ይዛ ታሳያለች፣ ሌላዋ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ከዚያ መፋቂያው እጅ ይለውጣል።

ሴትዮዋ እስከ ገበያው ቦታ ሸኘችን። እህቴ ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ሆዷ የለም። እናቴን ስታይ ተነሳች፣ ደግሞ ተቀመጠች፣ ማልቀስ ጀመረች። እናቴ ዕቃ ጥላ ሮጠች።

"ወለድሽ? ያለ እኔ?"

"አልጠበቀችም፤ ልጅቷ አልጠበቀችም" እያለች እህቴ አለቀሰች።

ሕፃኗ ውስጥ፣ ነብር ቆዳ በመሰለ ነጠብጣብ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተኝታለች። ዙሪያዋን የመንደሩ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ገንፎ ታገነፋለች፣ አንዷ የእህቴን ልብስ ታጥባለች፣ አንዲት አሮጊት የሕፃኗን እግር በመዳፏ ይዛ ታሞቃለች። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አንድ በአንድ አየቻቸው። በመንገድ ላይ ሁሉ ልጄ ብቻዋን ነች እያለች ነበር የመጣችው። ወደ አሮጊቷ ሄዳ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች። አሮጊቷም ሕፃኗን አንስታ እቅፏ ውስጥ አስቀመጠችላት።

ያ ቆጮ በመጨረሻ የተበላው በመንደሩ ሴቶች ነው። ቡላው ግን ለእህቴ ገንፎ ሆነ፤ በእናቴ ቅቤ። ለጥቂት ቀን ብለን ሄደን ጥቅምት እስኪገባ ቆየን፤ መንገዱ ይድረቅ እያልን፣ ከደረቀም በኋላ ደግሞ ልጅቷ ትንሽ ትጠንክር እያልን። እናቴ በየሳምንቱ ያቺን ሴት ልትጠይቅ ጫካ ትገባ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ እኔን ትወስደኛለች፣ አንዳንድ ጊዜ ብቻዋን ሄዳ ልብሷ ጭስና ማር እየሸተተ ትመለሳለች። ትምህርት ሲከፈት እኔ አልነበርኩም፤ አስተማሪዬ የት ነበርሽ ቢለኝ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ ክንፍ ስላለው አህያ ስደርስ አስቆመኝ።

እህቴና ባሏ እዚያው ኖሩ። ልጅቷ ትምህርት ቤት የምትገባበት ዕድሜ ላይ ስትደርስ እኛ ቤት እንድትማር ወልቂጤ አመጧት። ጉራጊኛ አታውቅም፣ አማርኛም ገና ነበረች፤ አፏን የፈታችው ከጎረቤት ልጆች ጋር በከፋ ቋንቋ ነው። መጀመሪያ ሳምንት ከማንም ጋር አላወራ ብላ ጥግ ተቀመጠች። አባቴ ከረሜላ ሰጣት፣ እኔ አሻንጉሊት ሠራሁላት፤ እምቢ። አንድ ጠዋት እናቴ ጓሮ እንሰት እየፋቀች ሳለ ጠራቻት። በከፋ ቋንቋ። ምን እንዳለቻት አላወቅሁም። ልጅቷ ግን ተነስታ ሄደች፣ አጠገቧ ቁጢጥ አለች፣ ከዚያ ወሬው እንደ ጎርፍ ወረደ። ያቺ እንሰት የላቸውም ያለችው ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ "ምንድን ነው የሚያወሩት?" ብላ ጠየቀችኝ።

"እኔ እንጃ" አልኳት። እውነቴን ነበር።